ኮምፒውተሩን ያበላሸ ወላጅ ያመጣል

ዳገት አናት ላይ ባለ ትምህርት ቤት ንግግር ነፍሳቸው የሆነ አንድ ዳይሬክተር ነበሩ፤ አቶ ልሳነወርቅ ይባላሉ። አንድ ጠዋት ሊኑክስ በሚባል ሲስተም የሚሠራው የትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ቢከፈት ዴስክቶፑ አልመጣ አለ። ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ጽሑፍ ብቻ።

አቶ ልሳነወርቅ ተማሪውን ሰበሰቡና ትናንት መጨረሻ ላይ በተጠቀመችው የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ላይ ጣታቸውን ቀሰሩ።

"አንቺ ነሽ! ወላጅ አምጪ!"

 አባቷ "ከትምህርት ቤት አንዴ ከጠሩኝ ትምህርት ብሎ ነገር የለም" ብሏታል። ግን ዘንድሮ አንደኛ ከወጣች ወዲህ ትንሽ ደፈር ብላለች።

"ጋሼ፣ መጀመሪያ ልየው?"

"እዪዋ! ግን ጥፋተኛው ማንም ይሁን ማን፣ ነገ ወላጁን ሳይዝ በዚህ በር አይገባም! ሁላችሁም ምስክር ናችሁ!"

ቁጭ ብላ ኮምፒውተሩ ላይ ትእዛዝ ጻፈች። "ዲስኩ ጢም ብሎ ሞልቷል ጋሼ። ቦታ አጥቶ ነው ዴስክቶፑ ያልተነሳው።"

"አየሽ! በምን ሞላሽው? በዘፈን ነው በፊልም?"

አንድ መስመር ጨመረችና ያየችውን አነበበች። "ሦስት መቶ አስራ ሁለት ቪዲዮ። ሁሉም በእርስዎ ስም የተጫነ፣ የእርስዎ የሰልፍ ንግግር ነው።"

ተማሪው ሳቁን ዋጠ። አቶ ልሳነወርቅ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"እና... ምን ይሻላል?"

"ኮምፒውተሩስ ቀላል ነው፤ ንግግር ሲቀነስለት ይነሳል" አለች መሬት መሬት እያየች። "እኔን የጨነቀኝ የነገው ነው። እናትዎ በዚህ ዕድሜያቸው ይሄን ዳገት እንዴት ይወጡታል?"