አርባ ማሳ በዘጠኝ ወር

ቅዱስ ሚካኤል ምስክሬ ነው፣ ይህን አታምኑኝም። ካመናችሁኝ ከነገ ጀምሮ ቀልዴን ትቼ ቁም ነገረኛ እሆናለሁ፤ ሰፈሩም ያርፋል።

አንድ ወንዝ ነበረ። ከቅጥነቱ የተነሳ በበጋ ቁራ እንኳ ሊጠጣ ሲመጣ ወረፋ ይይዛል። ከዚህ ወንዝ አንድ ቦይ ተጠልፎ መቶ ስድስት ገበሬ ያጠጣበታል። መቶ ስድስት ገበሬ በአንድ ቦይ ላይ ሲሰለፍ መቶ ስድስት ዶማ አብሮ ይሰለፋል፤ ሰው እንዳይፈናከት ውሃውን በተራ የሚያካፍል ሰው ይመረጣል። የውሃ አባት ይሉታል።

የዚያ አገር የውሃ አባት ሴት ናት። እትዬ አየለች ትባላለች። ባሏ በሕይወት ሳለ የውሃ አባት ነበር፤ ሲሞት ሥራው ወደ እሷ ዞረ፣ ስሙን ግን የሚለውጥላት ሰው አልተገኘም። በየማለዳው ቦዩ ዳር ትቆምና የራሷን ጥላ በእግሯ ትለካለች። ጥላዋ ስምንት ጫማ ሲሆን የአንዱ ተራ አበቃ፣ የቀጣዩ ጀመረ። አሥራ ሁለት ዓመት እንዲህ ስታካፍል አንድም ሰው በውሃ ተጣልቶ ፍርድ ቤት አልሄደም። እንዲያውም እንቁራሪቶቹ ራሳቸው ተራቸው ሳይደርስ አይጮሁም ይባላል፤ እኔ ሰምቻለሁ።

አንድ የካቲት ላይ ከወረዳ ደብዳቤ መጣ። ከመጪው ኅዳር ሚካኤል ጀምሮ ውሃ የሚያካፍለው በውሃ አያያዝ ዲግሪ ያለው ሰው ብቻ ይሁን ይላል። ደብዳቤው ሲነበብ አገሩ ሁሉ ዞሮ አየለችን አየ፣ አንድ ሰው ብቻ ጢሙን ዳበሰ። እሱም አቶ ደምሰው ነው። እርሻው ቦዩ አፍ ላይ ነው፤ ውሃው መጀመሪያ እኔ ዘንድ ይደርና የተረፈው ይውረድ ሲል ኖሯል። ይድነቃቸው የሚባል የእህት ልጅ አለው፣ ልጁ ደግሞ ዲግሪ አለው። ልጁ ክፉ ሰው አይደለም፤ ነገር ግን አጎቱ ሲያስነጥስ እሱ ነው የሚናፈጠው። እሱ የውሃ አባት ከሆነ ከቦዩ ጭራ ያሉት አርባ ቤተሰቦች፣ በሽንኩርት የሚኖሩት፣ ከውሃው ሽታው ብቻ እንደሚደርሳቸው አየለች አወቀች። እነሱም አወቁ። አንዳንዱ ያኔውኑ በሬውን የሚገዛለት ሰው ማጠያየቅ ጀመረ።

አየለች የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ወረቀቷን ሃያ ዓመት ከተኛበት ሳጥን፣ ከሠርግ ቀሚሷ ሥር አውጥታ አራገፈችው። አቧራው ሦስት ጎረቤት አስነጠሰ። ይዛው ከተማ ወረደች፣ ኮሌጅ ገባች፣ ሬጅስትራሩ ፊት ቆመች።

ሬጅስትራሩ አቶ ክንፈ ይባላል፤ ፊቱ እንደ አሮጌ ማኅተም የደረቀ ሰው ነው። ዲግሪ ስንት ጊዜ ይፈጃል ብላ ጠየቀችው። አንገቱን ሳያቀና አራት ዓመት፣ አርባ ኮርስ አላት። ያለኝ ዘጠኝ ወር ነው ስትለው አንገቱን አቀና፤ በዚያ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው ይላሉ።

«እትዬ፣ ዲግሪ እኮ በዶማ አይቆፈርም» አላት።

«እሺ፣ አርባውን ያንብቡልኝ እስቲ።»

ማንበብ ጀመረ። ውሃ አለካክ ሲል አውቀዋለሁ አለችው። የአፈር ዓይነቶች ሲል እሱንም አለችው። ግጭት አፈታት ሲል ሳቋ አመለጣት። እንዲህ እየተባባሉ ሃያ ሁለት ደረሱ። ሬጅስትራሩ ወረቀቱን አስቀመጠ።

«ቢያውቁም ክፍል ገብተው መቀመጥ አለብዎት» አላት።

«የት ተጽፏል?»

ኮሌጁ ከተከፈተ ጀምሮ ይህን የጠየቀ ሰው አልነበረም። የደንቡ መጽሐፍ ተፈለገ፤ መደርደሪያው ላይ የለም፣ ካዝናው ውስጥ የለም። በመጨረሻ አጠር ካለች የጠረጴዛ እግር ሥር ተገኘ፤ ስንት ዓመት ሙሉ ጠረጴዛውን ደግፎ ይዞ ኖሯል። ሲመዘዝ ጠረጴዛው አዘነበለ፣ ሻዩም በሬጅስትራሩ ሱሪ ላይ ፈሰሰ። እሱ ግን ሻዩን ረስቶ አንቀጽ አሥራ ሰባትን ሁለት ጊዜ አነበበ። ክፍል ሳይገባ የአንድን ኮርስ ፈተና ያለፈ ሰው ኮርሱን እንደ ተማረ ይቆጠርለታል፤ አራት ኮርሶችን ግን የግድ ክፍል ገብቶ ይማራል ይላል። የአንድ ኮርስ ክፍያ የአንድ ፍየል ዋጋ ነው፣ የፈተናው ግን የአንድ ዶሮ።

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምንድን ነው ሰው ያልተጠቀመበት?» አለች አየለች።

ሬጅስትራሩ ሱሪውን እየጠረገ፣ «የጠየቀ የለማ» አለ።

አየለች የአርባውን ኮርስ ዝርዝር ይዛ ቤቷ ተመለሰች። ሌላ ሰው ቢሆን ከአንድ ጀምሮ ወደ አርባ ይሄድ ነበር። እሷ ግን ዶማዋን አነሳችና ጓሮዋ ላይ አርባ ትንንሽ መደብ አወጣች፤ እያንዳንዱ መደብ አንድ ኮርስ ነው። ጎረቤቶቿ ጎመን ልትተክል ነው ብለው ችግኝ ይዘው መጡ። የምታደርገውን ሲያዩ ደግሞ ሐዘኑ ዛሬ ገና ወጣባት ብለው ጠበል ሊያመጡ ተመለሱ።

እሷ ያሰበችው በቦዩ ላይ ዘወትር የምታደርገውን ነበር። ውሃ ሲያንስ የውሃ አባት ማሳዎቹን በእግሩ ዞሮ ያያል። የጠገበውን ያልፈዋል፣ ወዝ ያለውን ትንሽ ያቀምሰዋል፣ ለተሰነጠቀው ሙሉ ተራ ይሰጠዋል። ኮርሶቿንም እንዲህ ለየቻቸው። ሃያ ሁለቱ የጠገቡ ናቸው፤ ሄዶ መፈተን ብቻ። ዘጠኙ ወዝ አላቸው፤ ሥራውን ታውቃለች፣ መጽሐፉ የሚጠራበትን ስም ግን አታውቅም፤ ለእያንዳንዳቸው አራት አራት ቀን። አምስቱ ደርቀው ተሰንጥቀዋል፤ ለእነሱ በየቀኑ ሁለት ሰዓት፣ ከዛሬ ጀምሮ። የግድ ክፍል የሚገባባቸውን አራቱን ለክረምት አቆየቻቸው፤ በክረምት ሰማዩ ራሱ ስለሚያጠጣ ቦዩ ሥራ ይፈታል፣ ኮሌጁም የክረምት ትምህርት አለው።

መጋቢት ላይ ፈተናው ተጀመረ። ውሃ አለካክን ስትፈተን ፈታኙ ወረቀት አድሎ ወንበሩ ጋ ሳይመለስ እሷ ጨርሳ ወጥታለች። በአፈር ፈተና ጭቃውን በጣቷ አሽታ የማን ማሳ እንደሆነ ጭምር ጻፈች። ግጭት አፈታት ላይ ደግሞ፣ ሁለት ሰዎች በውሃ ተጣልተው ዶማ ቢያነሱ ምን ታደርጊያለሽ የሚል ጥያቄ ነበር። እጇን አወጣችና ሰዎቹ አማቾች ናቸው ወይስ ወንድማማቾች ብላ ጠየቀች። ፈታኙ ይህን አስቦት አያውቅም። አማቾች ከሆኑ ሚስቶቹን አስጠራለሁ፣ ወንድማማቾች ከሆኑ እናታቸውን፣ ዶማዎቹን ግን በሁለቱም መንገድ እኔ ይዤ እቆያለሁ አለችው። ሙሉ ማርክ ሰጣት፤ ቤቱ ሲገባም ከወንድሙ ጋር ታረቀ አሉ።

ሰኔ ሲገባ ሠላሳ አንድ መደብ ላይ ጎመን በቅሏል፤ አንድ ፈተና ባለፈች ቁጥር በዚያ መደብ ላይ አንድ ችግኝ ትተክል ነበርና። በክረምቱ አራቱን ተቀምጣ ተማረች፣ ከደረቁት አምስት ደግሞ አራቱን ነሐሴ ላይ አለፈች። የቀራት እንግሊዝኛ ብቻ ሆነ።

እንግሊዝኛው የቦዩ ጭራ ነበር። መስከረም አሥር ተፈተነች፤ ማለፊያው ሃምሳ፣ ያገኘችው አርባ ስምንት። ደንቡ ደግሞ የወደቀ ሰው ስልሳ ቀን ሳይሞላው ተመልሶ አይፈተንም ይላል። አየለች በጣቷ ቆጠረች፤ ኅዳር አሥር ላይ አረፈ። ከሚካኤል ሁለት ቀን በፊት። ሌላ ዕድል የለም።

አቶ ደምሰው ይህን ሲሰማ ለድግሱ የገዛውን በግ ሳያርድ ቀድሞ ወጡን ቀመሰ ይባላል። የቦዩ ጭራ ሰዎች ግን ሽንኩርታቸውን ሳይከትፉ አለቀሱ። አንዲት አሮጊት መጥታ፣ ልጄ ተይው፣ ሠላሳ ዘጠኝም ብዙ ነው አለቻት።

«እማማ፣ ሠላሳ ዘጠኝ ማሳ ጠጥቶ አንዱ ከደረቀ ያ የደረቀው ሰው ማታ የሚበላው ምንድን ነው?» አለቻት አየለች።

ስልሳውን ቀን በሙሉ ለዚያች አንድ መደብ ለቀቀችው። ሌላ የቀራት ነገር አልነበረምና ጊዜዋ ሁሉ ወደዚያ ፈሰሰ። ለላሟ በእንግሊዝኛ ትናገራለች፣ ለቦዩም ትናገራለች፣ ገበያ ላይ ሽንኩርት የምትሸጠው በእንግሊዝኛ ነው፤ ገዢውም ግራ ገብቶት ሳይከራከር ይከፍላል። ላሟ በጥቅምት አጋማሽ ላይ «ካም» ሲሏት ትመጣ፣ «ጎ» ሲሏት ትሄድ ነበር፤ ይህንንም አታምኑኝም። ሲከብዳት ደግሞ አልደበቀችም። ከተማ ላለች አንዲት አስተማሪ በየሳምንቱ ጎመን እየወሰደች የጻፈችውን አሳረመች፤ በፈተናው የጎደላትን አንድ በአንድ ጠየቀች።

ኅዳር አሥር ተፈተነች። ሬጅስትራሩ ወረቀቱን ራሱ አረመው። ሰባ አንድ። በማግስቱ ዲግሪዋን ሲሰጣት ከወንበሩ ተነሳ።

ለሚካኤል አገሩ ሁሉ ቦዩ አፍ ላይ ተሰበሰበ። ከወረዳ የመጣው ሰው ሁለት ዲግሪዎች አየ፣ ሁለቱንም ገልብጦ መረመረ፣ ሁለቱም አንድ ዓይነት ማኅተም አላቸው። እንግዲህ ምርጫው የእናንተ ነው አለ። ከምርጫው በፊት ግን አንድ ሽማግሌ ተነስተው፣ አራት ዓመቱን እንዴት አድርጋ በዘጠኝ ወር እንደጨረሰችው አየለችን ጠየቋት።

«አባባ፣ አራት ዓመቱን አልዘለልኩትም» አለች። «አብዛኛውን እዚህ ቦይ ላይ አሥራ ሁለት ዓመት ተምሬዋለሁ። የማውቀውን ማወቄን አስመሰከርኩና አለፍኩት፣ የተረፈኝን ጊዜና ገንዘብ ሁሉ ለማላውቀው አደረግኩት። የጠገበ ማሳ ላይ ውሃ አላፈሰስኩም፤ ሌላ ዘዴ የለኝም።»

አንባቢ ሆይ፣ የነገሩ ፍሬ ይህ ነው። ዕውቀት በቆየንበት ዘመን ርዝመት አይለካም፤ የምናውቀውን ከማናውቀው ከለየን መንገዱ ያጥራል፣ ወጪውም ይቀንሳል። ካልለየን ግን ዕድሜያችንን ረግረግ ላይ ስናፈስ ደረቁ እንደ ደረቀ ይቀራል። መንገዱን የሚያሳጥረው ደንብ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሆነ ጠረጴዛ ሥር አለ፤ የሚጠይቅ ሰው ነው የጠፋው። እስቲ አንተም፣ አንቺም፣ ጓሮአችሁን ዙሩና እዩ፦ ዛሬም የምታጠጡት የጠገበው ማሳ የትኛው ነው? በጥም የተሰነጠቀውስ?

ከዚያ ለምርጫው ዶማ ይነሳ ተባለ። ለአየለች መቶ አራት ዶማ ተነሳ። ለይድነቃቸው አንድ ተነሳ፤ የአጎቱ ነው። አንድ ዶማ ይጎድላል ተብሎ ሲታይ ይድነቃቸው ራሱ ከኋላ ቆሞ የእሱን ለአየለች አንስቷል። አቶ ደምሰው ፊቱ በርበሬ መሰለ። አንተ ልጅ፣ ሴትዮዋ በዘጠኝ ወር የጨረሰችውን አንተ እዚያ ኮሌጅ አራት ዓመት ሙሉ ምን ስትሠራ ነበር ብሎ በሕዝብ ፊት ጮኸበት።

ይድነቃቸው ዶማውን ሳያወርድ መለሰ፦

«ስሜ ሲጠራ አቤት ስል ነበር፣ ጋሼ።»