ነጋሪቱን የበላ ጦር

አንድ ጊዜ፣ መቼም ወንድም በወንድሙ ላይ ከተነሳ እህል እንኳ መድረሻው ይጠፋዋል፣ ሁለት ወንድማማች አንበሶች በአባታቸው አልጋ ተጣሉ። አባታቸው ሁለት ነጋሪት ትቶላቸው ነበርና አንድ አንድ ተካፈሉ። ጫካውም ለሁለት ተከፈለ። ትናንት አብረው ውሃ ይጠጡ የነበሩ ከርከሮዎች ገሚሱ የታላቁ፣ ገሚሱ የታናሹ ሆኑ። የትኛው የማን እንደሆነ መለየቱ ግን ጭንቅ ነበር።

ለታላቁ አንበሳ ጦር በሶና ቋንጣ ከቆላ የሚያመጣው አህያ ነው። አንበሳው «ነጋሪት በሰማህበት ና» ብሎ አዘዘው። «ስንቁ ሳይደርስ ከቀረ ግን ምሳዬ አንተ ነህ!»

ነጋሪቱን ማን ተሸከመው? ጅብ! ጉልበቱ ታይቶ ነው አሉ። የበሬ ቆዳ የተወጠረበትን ነጋሪት ለጅብ ማሸከም! እንግዲህ እናንተው ፍረዱ።

ጦርነቱ በማለዳ ተጀመረ። አቧራው ከመጨሱ የተነሳ ማን ማንን እንደሚያባርር አይታወቅም፤ አንዱ ከርከሮማ የገዛ አጎቱን ሲያሳድድ አረፈደ። ብቻ በስተመጨረሻ የታናሹ ጦር ሸሸ ተባለ።

«ጌታዬ፣ እንከተለው!» አለች ቀበሮ።

«ስንቃችንስ?»

«አህያ እንደሆነ ጆሮው ረጅም ነው፤ ነጋሪቱን ሰምቶ ይመጣል።»

ተከተሉት። አንድ ኮረብታ፣ ሁለት ኮረብታ፣ ሦስት ኮረብታ። ታናሹ ግን በጎን ዞሮ ወደ ኋላቸው ተመልሶ ነበር። በሦስተኛው ቀን የታላቁ ጦር ሆዱ ከጀርባው ተጣበቀ።

ጅብ ነጋሪቱን ጎሰመና አሸተተው። ደግሞ ጎሰመ፣ ደግሞ አሸተተ። «ጠርዙን ብቻ» አለ። ጠርዙ አለቀ። «መሃሉ ያለ ጠርዝ ምን ያደርጋል?» ብሎ መሃሉንም ዋጠው።

በዚያን ሰዓት አህያ ጭነቱን ይዞ የድሮው ሰፈር ደርሶ ነበር። ቦታው ባዶ ነው። «ወይ ጉዴ! ዛሬ መበላቴ ነው» አለ። ከሩቅ ይሰማው የነበረው ነጋሪት ድንገት ዝም አለ። ወዲያው ከወንዙ ዳር ሌላ ነጋሪት ተጎሰመ፤ ድምፁ ያው ነው። «እፎይ፣ ነፍሴ ተረፈች!» ብሎ ገሰገሰና አንበሳው ፊት ተንበረከከ።

«እንኳን አገኘሁዎት ጌታዬ!»

ታናሹ አንበሳ ሳቀ። «አራግፍ አይዞህ። የአባቴ ቤት እህል አይደል?»

አህያ ግራ ገባው። ቢሆንም ማንም ሊበላው አልተነሳምና አራገፈ።

ማዶ ደግሞ ታላቁ አንበሳ ጅብን አስጠራው። «ነጋሪቱ ለምን ዝም አለ? አህያ በምን ያግኘን?»

ጅብ ከንፈሩን ላሰ። «አሸንፈን የለም እንዴ ጌታዬ? ከእንግዲህ ነጋሪት ምን ይሠራልናል?»

ቀበሮ ይህን ስትሰማ የበሶውን ሽታ ተከትላ ወደ ታናሹ ሰፈር ወረደች። ሠራዊቱም አንድ አንድ እያለ ተከተላት። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከድል አድራጊው ጎን የቀረው ጅብ ብቻ ነበር። ከታች ነጋሪት ይጎሰማል።

«ጌታዬ፣ ያ የሚጮኸው የኛ ነው የነሱ?» አለ ጅብ።

«ሁለቱም የአባቴ ነበሩ» አለ አንበሳው፤ እንባውም ዱብ ዱብ አለ።

ከዚህ የምንማረው፣ ከወንድሙ ጋር ሲዋጋ ስንቁ የሚመጣበትን መንገድ የረሳ ቢያሸንፍም እንኳ የራሱን ነጋሪት እስከ መብላት እንደሚደርስ ነው።