ሰላምታቸው ያልተመለሰላቸው እናት

«አንድ ጊዜ ዓይንህን አውሰኝ፣ የኔ ልጅ» አሉ እትዬ ውድነሽ፣ ስልካቸውን ወደ ወጣቱ እየዘረጉ። «መልስ ጽፈውልኝ እንደሆነ እይልኝ። ለእኔ ፊደሉ ሁሉ ውሃ ውስጥ የገባ ይመስለኛል።»

ቦታው የአንድ ዓይን ሆስፒታል ደጅ ነው። ሰዓቱ አምስት ከሃያ። ወጣቱ ናሁሰናይ ይባላል፤ ድረ ገጽ ሠሪ ነው። ወደዚህ የመጣው ሊታከም ሳይሆን ሊመሰገን ነው። የሆስፒታሉን ድረ ገጽ የሠራው እሱ ነበር፤ ገጹ ከተከፈተ ወዲህ ከመቶ ታካሚ ዘጠና ስምንቱ ቀጠሮ አግኝቷል ተብሎ፣ ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል አዳራሽ ውስጥ የምስክር ወረቀት ሊሰጡት ጠርተውታል። ሸሚዙን ተኩሶ፣ ጫማውን አስጠርጎ፣ ቀድሞ ደርሷል። ጊዜ ስለተረፈው ነው ደጁ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ጫፍ አረፍ ያለው።

ስልኩን ተቀብሎ አየ። የራሱን ሥራ አየ።

ነጭ ገጽ። በነጩ ላይ ስስ ግራጫ ፊደል። ያንን ግራጫ ለመምረጥ ሦስት ቀን ፈጅቶበት ነበር። ከታች ጥግ ላይ አንዲት ትንሽ ሳጥን ተከፍታለች፤ በውስጧ «እንኳን ደህና መጡ! እንዴት ነዎት?» ይላል። ይህንንም የጻፈው እሱ ነው። ከሥሩ የእትዬ ውድነሽ መልስ ተቀምጧል።

«እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እናንተስ እንዴት ናችሁ? ቤተሰብ ሁሉ ደህና ነው? ሥራስ እንዴት ይዟችኋል?»

ከዚያ በታች ምንም የለም።

«መቼ ነው የጻፉት፣ እትዬ?»

«ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ። ከደጃቸው ሆኜ ብጽፍ ቶሎ ያዩኛል ብዬ ነው እዚህ ድረስ የመጣሁት።»

«ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እየጠበቁ ነው?»

«ታዲያስ! ሰላም አሉኝ፣ ሰላም አልኳቸው። ሰላምታ የእግዜር ነው። እነሱ ሳይመልሱልኝ ዘልዬ ጉዳዬን ብጀምር አሳዳጊ የበደላት አይሉኝም?» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሥራ በዝቶባቸው ይሆናል። አትፍረድባቸው።»

ናሁሰናይ ሳጥኗን ያውቃታል። ከጀርባዋ ማንም የለም። ኖሮም አያውቅም። ገጹ ሰው የሌለበት ቤት እንዳይመስል ብሎ ነበር ያስገባት።

«ጉዳይዎ ምንድን ነው?»

«የዓይን ሞራ። በዓመት ሁለት ጊዜ የሚመጡት ሐኪም አሉ አይደል? የእሳቸው ምዝገባ ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ ያበቃል። ካለፈኝ ስድስት ወር ነው።» ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። «የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ። ቀኝ ዓይኔ ከሄደ ሁለት ዓመቱ። ግራው ደግሞ የመርፌ ቀዳዳ ማየት ትቷል። ጎረቤቴ፣ እግዜር ይስጣት፣ ጠዋት ወደ ሥራ ስትሄድ በሃያ መርፌ ክር አስገብታልኝ ትሄዳለች። ሃያው ሲያልቅ ቀኔም ያልቃል። ዛሬ ስድስት ወር ጠብቂ ብባል፣ ጎረቤቴ ክር ማስገባቱን ትችለው ይሆናል፤ ግራው ዓይኔ ግን የሚጠብቀኝ አይመስለኝም።»

«ስልኩን ለእኔ ይተዉት» አላቸው ናሁሰናይ። «አንድ ደቂቃ አይፈጅም።»

አልዋሸም። በቢሮው ሰፊ ኮምፒዩተር፣ በቢሮው ፈጣን ኔትወርክ ሲሞክረው አንድ ደቂቃ ፈጅቶበት አያውቅም።

አሁን ግን ያለው ደጅ ነው። የስልኩ መስተዋት ተሰንጥቋል። ፀሐይ አናት ላይ ናት። ኔትወርኩ ይመጣል፣ ይሄዳል። መጀመሪያ አንድ ቪዲዮ ጀመረ፤ ነጭ ጋዋን የለበሱ ሰዎች በኮሪደር ውስጥ ቀስ ብለው ይራመዳሉ። ጠበቃቸው። አለፉ። «ቀጠሮ ለመያዝ» የሚለው ቁልፍ ብቅ አለ። ሊነካው ጣቱን ሲሰድ ከላይ ሌላ ሥዕል ደረሰና ቁልፉን ወደ ታች ገፋው፤ ጣቱ «የሆስፒታላችን ታሪክ» ላይ አረፈ። ታሪኩ ተከፈተ። ከታሪኩ ሊወጣ ሲል ደግሞ መጋረጃ ወረደበት። «ከመሄድዎ በፊት! አዳዲስ መረጃዎችን እንድንልክልዎ ይፈቅዳሉ?» የመጋረጃው መዝጊያ ከሰሊጥ ፍሬ አይበልጥም።

«ምን አሉ?» አሉ እትዬ ውድነሽ።

«መረጃ እንላክልዎ ወይ ነው የሚሉት።»

«ይላኩ እንጂ! እምቢ ይባላል እንዴ?»

ከበሩ አጠገብ በርጩማ ላይ የተቀመጡት ዘበኛ፣ ጋሽ አስረስ፣ ሲመለከቱት ቆይተው አላስችል አላቸው።

«አንተ ልጅ! ስልክ ነው የምትነካው ወይስ ዝንብ ነው የምታባርረው?»

እትዬ ውድነሽ ሳቁ። ናሁሰናይ አልሳቀም።

ቅጹ ተከፈተ። ስም ሞላ። የአባት ስም፣ ዕድሜ፣ ክፍለ ከተማ፣ ስልክ ቁጥር። ላከው። «ስልክ ቁጥሩ ትክክል አይደለም» አለና የሞላውን ሁሉ አጠፋው። ቁጥሩ ያለ ዜሮ መጻፍ ነበረበት። ይህን ደንብ ያወጣው ራሱ ናሁሰናይ ነው፤ የትም ቦታ ላይ ግን አልጻፈውም። እንደገና ሞላ። አሁን ደግሞ ዘጠኝ ጥቃቅን ሥዕሎች ተደረደሩ።

«አሁንስ ምን አሉ?»

«ሰው መሆንዎን ያረጋግጡ ነው የሚሉት። ብስክሌት ያለበትን ሥዕል ምረጡ ይላሉ።»

«ሦስት ሰዓት ሙሉ ደጃቸው ላይ ተቀምጬ፣ ሰው መሆኔ ጠፋቸው?»

ይህን ያሉት በቁጣ አይደለም። ከልባቸው ገርሟቸው ነው። ናሁሰናይ ግን ጆሮው ድረስ ጋለ። ብስክሌቶቹን መረጠ። «ቁጥር በመልእክት ልከንልዎታል፤ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ያስገቡ» አለ ገጹ። መልእክቱ በሦስተኛው ደቂቃ ደረሰ።

«ጊዜዎ አልፏል። እባክዎ ከመጀመሪያው ይጀምሩ።»

አምስት ሰዓት ከአርባ።

እያንዳንዱን ነገር ያስገባው በምክንያት ነበር። ቪዲዮውን እንዲያምር፣ መጋረጃውን የመጣ ሰው እንዳይጠፋ፣ ሥዕሎቹን ሌባ እንዳይገባ። ለየብቻ ሲታይ ሁሉም ልክ ነበር። አንድ ላይ ሲቆሙ ግን አጥር ሆኑ፤ ከአጥሩ ውጭ የቀሩት ደግሞ ሌባ ሳይሆኑ ልብስ ሰፊ እናት ናቸው።

«ተወው፣ የኔ ልጅ» አሉ እትዬ ውድነሽ፣ ከመጀመሪያው ሊጀምር ሲል። «ደክመሃል። ስለ እኔ ብለህ ይህን ያህል መልፋትህ ይበቃኛል። እግዜር ይስጥልኝ።»

ምስጋናቸው ከስድብ በላይ አመመው።

ጋሽ አስረስ ከበርጩማቸው ተነሡ። ቀስ ብለው መጡና እትዬ ውድነሽ ፊት ቆሙ።

«እህቴ፣ ምን ፈልገው ነው የመጡት?»

ናሁሰናይ ቀና አለ። በዚያ ሁሉ ገጽ ውስጥ ይህ ጥያቄ አልነበረም።

«ለሞራ ልመዘገብ ነው፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ጠዋት ስጠይቅዎ ‹መልስ እየጠበቅኩ ነው› አሉኝ እኮ! ውስጥ ዘመድ ያለዎት መስሎኝ ዝም አልኩ። ይነሡ፣ ይነሡ። ሲስተር የሺወርቅ ሳትወጣ እንድረስ።»

«ምዝገባው በድረ ገጽ ብቻ አይደለም እንዴ?» አለ ናሁሰናይ።

«ነው ይላሉ። ስልክ እምቢ ያለውን ሰው ግን እስከ ስድስት ሰዓት ይዤላት ከገባሁ፣ ሲስተር በውስጡ ኮምፒዩተር ራሷ ትሞላለታለች። ምሳዋን ትታ ነው፣ እግዜር ይባርካት።»

«በቀን ስንት ሰው ይሆናል?»

«አሥር። አሥራ አምስት። በሞራው ሰሞን ሠላሳም አርባም ይሆናል። ዛሬ እግሬ ደክሞኝ ነው እንጂ ቁጭ አልልም ነበር።»

ናሁሰናይ ስልካቸውን መለሰላቸው። ጋሽ አስረስ እትዬ ውድነሽን ክንዳቸውን ደግፈው ወደ በሩ ወሰዷቸው። እትዬ ውድነሽ የበሩ ደፍ ላይ ሲደርሱ ቆም ብለው ዞሩ።

«ያቺ ሳጥን ውስጥ ያሉት ሰዎች» አሉ፣ «ካገኘሃቸው አልተቀየመችም በልልኝ። ታክሲው ውስጥ ሁሉም ስልኩን ነበር የሚያየው። ጠዋት ሰላም ያሉኝ እነሱና ዘበኛው ብቻ ናቸው። አመስግንልኝ።»

ገቡ።

ናሁሰናይ ብቻውን ቀረ። ዘጠና ስምንት የሚለው ቁጥር ጭንቅላቱ ውስጥ ዞረ። ከዘጠና ስምንቱ ስንቱ በእሱ ገጽ ገባ? ስንቱስ በጋሽ አስረስ ክንድ? ቁጥሩን ያወጡት ሰዎች ውስጥ ሆነው ነው የቆጠሩት። ከውስጥ ለሚያይ፣ ገብቶ የተቀመጠ ሰው ሁሉ በራሱ የገባ ይመስላል።

የራሱን ስልክ አወጣ። ሳጥኗ ውስጥ የሚጻፈው ሁሉ የሚጠራቀምበት ቦታ ነበር፤ የይለፍ ቃሉን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው፤ ከፍቶት አያውቅም። ከፈተው።

«ደህና ነኝ፣ እናንተስ?» «ተመስገን ነው፣ እንዴት ዋላችሁ?» «አባቴ ናቸው የታመሙት፣ ሰላም ብለዋችኋል።» «ሰላም ነው? የምትመልሱ ካላችሁ እዚሁ አለሁ።» ጣቱን ወደ ላይ ሳበው። አላለቀም። ደግሞ ሳበው። መንገድ ዳር ቆመው ባርኔጣቸውን አውልቀው የሚጠብቁ ሰዎች ይመስሉ ነበር፤ አንዱም አልተሳደበም።

የእትዬ ውድነሽን ስም ፈልጎ ጻፈ። «ደህና ነን እትዬ፣ ቤተሰብም ደህና ነው። ስለዘገየን ይቅርታ ያድርጉልን። ሰላም ስላሉን እናመሰግናለን።»

ከበሩ ወዲያ፣ ከኮሪደሩ ውስጥ፣ አንድ ስልክ ጢን ሲል ሰማ። ቀጥሎ መልሱን ጮክ ብሎ የሚያነብ የሴት ድምፅ፣ የእትዬ ውድነሽም ሳቅ። ቀጥሎ፦ «አላልኩም? መለሱልኝ!»

ጋሽ አስረስ ላባቸውን እየጠረጉ ተመለሱ።

«ተመዘገቡ?» አለ ናሁሰናይ ብድግ ብሎ።

«ስምንት ደቂቃ ሲቀረው። ለማክሰኞ።» በርጩማቸውን አነሡ፤ በሩ የሚዘጋበት ሰዓት ደርሷል። «አንተስ ምን ፈልገህ ነው የመጣኸው? አንተን አልጠየቅኩህም።»

ልመሰገን ነው ማለት አፉ ላይ ደርሶ ተመለሰ።

«ላመሰግን ነው» አለ።

«ማንን?»

«እርስዎን። ሲስተር የሺወርቅንም። ድረ ገጹን የሠራሁት እኔ ነኝ፣ ጋሼ። እስከ ዛሬ የሚሠራው እሱ ይመስለኝ ነበር። የምትሠሩት ግን እናንተ ናችሁ።»

ጋሽ አስረስ ከእግር እስከ ራሱ ተመለከቱት።

«አሃ! ካርቶኔን ያስነሣኸው አንተ ነህ?»

«የቱን ካርቶን?»

የበሩን አንዱን ክንፍ ሳብ አደረጉት። ከጀርባው፣ ከውስጥ በኩል፣ ጥጉ የተቀደደ ካርቶን ተለጥፏል። በወፍራም ጥቁር ቀለም፣ ዓይኑ የደከመ ሰው ከአስፋልቱ ማዶ ሆኖ ሊያነብበው በሚችል ፊደል፣ እንዲህ ይላል፦ «ምን ፈልገው ነው የመጡት? እኔን ይጠይቁኝ። አስረስ፣ ዘበኛ።»

«ለአዲሱ ገጽታ አይመጥንም ብላችሁ ከደጅ አስነሣችሁት» አሉ ጋሽ አስረስ። «ለመጣል ደግሞ እጄ እምቢ አለኝ፤ ከበሩ ጀርባ ለጠፍኩት። አሁን የሚያነብበው የገባ ሰው ብቻ ነው። የገባ ሰው ምን ያደርግለታል?»

ናሁሰናይ ካርቶኑ ይነሣ ብሎ ለሆስፒታሉ የጻፈውን ደብዳቤ አስታወሰ። ሁለት መስመር ነበር። ሲጽፈው ካርቶኑን እንጂ ጋሽ አስረስን አላሰበም።

ካርቶኑን በጥንቃቄ ላጠው። ይዞት ወደ ደጅ ወጣ። በዚህ መሃል ከአዳራሹ የድምፅ ማጉያ ስሙ ተሰማ፤ ቀጥሎ ጭብጨባ።

«አንተን ነው የሚጠሩት?» አሉ ጋሽ አስረስ።

«እኔን ነው።»

«ታዲያ አትገባም?»

«ይቆዩኝ፣ ጋሼ። የምስክር ወረቀቱ የማን እንደሆነ ገብቼ እነግራቸዋለሁ። መጀመሪያ ይህን ልለጥፍ።» ካርቶኑን በሩ ላይ ደገፈ። «ይህ ከፍታ ይበቃል?»

«ዝቅ አድርገው። ሁሉም ሰው እንዳንተ ረጅም አይደለም።»

ዝቅ አደረገው። ጋሽ አስረስ ከኪሳቸው ፕላስተር አውጥተው ሰጡት። ሲለጥፍ አዩት፤ ደስ ብሏቸዋል፤ እንዳይታወቅባቸው ግን ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ስማኝ ልጄ። ሰው የሠራው ነገር ጎደሎ አያጣም፤ በዚህ አላማህም። ጎደሎውን በትከሻው የሚሸከም ሰውም አይጠፋም። የሠራኸው ነገር ያለምንም እንከን የሚሄድ ከመሰለህ፣ ማን ተሸክሞልህ እንደሆነ ፈልግ፤ አመስግነው፤ ከዚያ ሸክሙን አቅልልለት። ሰላም ያልከውን ሰው ደግሞ ቆመህ መልሱን ስማ። በር ስትሠራ ኖረሃል። ለመሆኑ ከደጅ ቆመህ አይተኸው ታውቃለህ?»

ናሁሰናይ የካርቶኑን የመጨረሻ ጥግ እየተጫነ ሳለ፣ የስድስት ሰዓቱ ደወል ተደወለ።

ጋሽ አስረስ ገባ አሉና፣ ናሁሰናይ ከደጅ እንደቆመ፣ በሩን ዘጉት።