ከፎርክሊፍት ጀርባ የወረደችው በግ

ልጆች፣ ጠጋ በሉና ስሙኝ። የዛሬውን ተረት ገና ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ድሮ፣ መኪና ያለ ሾፌር በሚሄድበት፣ በግም አፍ አውጥታ በምትናገርበት ዘመን፣ ከፊቱ ባሉት ሁለት ሹካዎች ዕቃ የሚያነሳ አንድ ፎርክሊፍት ነበር። የሰፈሩ እንስሳት ጅብ አላስተኛ ስላላቸው ጉብታው ላይ የድንጋይ አጥር ሊያጥሩ ተነሱ። ድንጋዩን የሚያወጣላቸው እሱ ነበር። መንገዱ ግን አስፋልት እንዳይመስላችሁ፤ ጎርባጣ፣ ተዳፋት፣ ዝናብ የቦረቦረው ነው።

ፎርክሊፍት ድንጋዩን ቆልሎ፣ ሹካውን ሽቅብ ሰቅሎ ሊሄድ ሲል ከፊት በኩል ከብዶት የኋላ ጎማው ከመሬት ተነሳ።

"አያ ፎርክሊፍት፣" አለች ፍልፈል ከጉድጓዷ ብቅ ብላ፣ "ድንጋዩን ቀንሰው፣ ሹካህንም ዝቅ አርገው። ይሄ መሬት ውስጡ ባዶ ነው።"

"አንቺ ደግሞ ምን አገባሽ!" አላትና አጠገቡ ወደቆመችው በግ ዞሮ፣ "እመት በግ፣ ነይ ጀርባዬ ላይ ውጪና ተጫኚልኝ።"

በግ ይሉኝታ ይዟት ወጣች። ጎማው መሬት ነካ። ሄዱ።

በሁለተኛው ዙር ድንጋይ ጨመረ። ጎማው ተነሳ። "ድንጋዩን ቀንሰው!" አለች ፍልፈል። "እመት ፍየል፣ አንቺም ውጪ!" አለ እሱ። ፍየልም ወጣች። ሄዱ።

በሦስተኛው ዙር አሁንም ጨመረ። ጎማው አሁንም ተነሳ። "ቀንሰው አልኩህ እኮ!" ብላ ጮኸች ፍልፈል። እሱ ግን በግን፣ "ግልገልሽን አምጪና ጎንሽ አስቀምጪው፤ ትንሽ ክብደት ነው የጎደለኝ" አላት።

ያን ጊዜ በግ ነደደች። "እኔን እንደ ድንጋይ ስትቆጥረኝ ዝም አልኩህ። ልጄንም? አላደርገውም!" ብላ ዘላ ወረደች። ፍየልም ተከተለቻት።

አንዲት ድንጋይ ቢያወርድ ምን ነበረበት? አላወረደም! እልህ ይዞት በፊት ጎማው ብቻ እየተንገዳገደ ነዳ። ጥቂት እንደሄደ የፊት ጎማው ጉድጓድ ገባ፣ ዘመመ፣ ከነድንጋዩ ተገለበጠ። ግልገሉ ሊቀመጥበት የነበረው ቦታ ጭፍልቅ ብሎ ቀረ።

እንስሳቱ እየሮጡ መጡ። ምን አሉ መሰላችሁ? "አንቺ ባትወርጂ አይገለበጥም ነበር! አጥራችንን አስቀረሽብን!" ብለው በግ ላይ ጮኹባት። እኔን የሚያቃጥለኝ ይሄ ነው! ድንጋዩን የቆለለውን አንድም የጠየቀው የለም።

በግ ግልገሏን ከኋላዋ ከልላ፣ "ባልወርድ ኖሮ ዛሬ የምታለቅሱት ለአጥር ነበር?" አለቻቸው።

ተረቴ አለቀ፤ ንዴቴ ግን አላለቀም። ጭነት ሲከብድ ጭነቱ ይቀነሳል እንጂ ነፍስ አይጨመርበትም።