የውሻ ሙልሙል

አንድ ባለጠጋ ላይ ቤትና ታች ቤት በሚባሉ ሁለት መንደሮች መካከል፣ መንገዱ በአንድ በኩል ገደል በሌላው በኩል ድንጋያማ ተራራ ሆኖ በጠበበበት ቦታ ላይ ቤቱን ሠራ። ስሙ ወንድይራድ ይባላል። ከላይ ቤት ወደ ታች ቤት የሚወርድም ሆነ ከታች ቤት ወደ ላይ ቤት የሚወጣ ሰው በእሱ ደጅ ከማለፍ በቀር ሌላ መንገድ አልነበረውም። ባለጠጋው ሁለት ውሾች ነበሩት፤ እንደ ማንኛውም ውሻ መንገደኛ ሲያዩ ይጮኻሉ።

በአገሩ ልማድ ወደ ሰው ደጅ የቀረበ መንገደኛ ከሩቅ ቆሞ «ቤቶች! ውሻ ያዙ!» ይላል፤ ባለቤቱም ወጥቶ ይይዛል። ወንድይራድ ግን ከተቀመጠበት መነሣት የሚከብደው ሰው ነበር። «እለፉ፣ ምንም አይሏችሁም!» ይላል ከመደቡ ላይ ሆኖ። አንድ ቀን አንድ ችኩል ነጋዴ ከስንቁ ዳቦ ቆርሶ ወረወረላቸው። ውሾቹ ዳቦው ላይ ሲረባረቡ እሱ አለፈ። ገበያ ደርሶ ይህን ሲያወራ የሰማው ሁሉ «ብልህ ነህ» አለው። እኔን ከጠየቃችሁኝ የመከራው ሁሉ መጀመሪያ ያ ብልህ ነጋዴ ነው።

በሳምንቱ ሌላው ወረወረ። በወሩ ሁሉም ወረወረ። ዓመት ሳይሞላ በሁለቱም መንደሮች ዳቦ የሚጋግር ቤት ሁሉ ከሊጡ ቆንጠር አድርጎ ትንንሽ ሙልሙል ለብቻ ያወጣ ጀመር። ሙልሙል ድሮ የልጆች ነበር፤ አሁን የውሻ ሆነ። ልጆቹ ሲያለቅሱ እናቶቻቸው «ተው፣ እሱ የመንገድ ነው» ይሏቸዋል። ማንም አላፈረም። ሰው የለመደውን ነገር ደንብ ነው ብሎ ለማመን ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም።

ውሾቹም ለመዱ። ሁለት የነበሩት ተዋልደው ሰባት ሆኑ። ከአጥሩ ሥር ሆነው ይጮኹ የነበሩት መንገዱ መሀል ይተኙ ጀመር። አንድ ሙልሙል ለሰባት አይበቃምና ድርሻው ያነሰበት ውሻ ቀሚስ ይይዛል፣ ጭራሽ ያላገኘው ባት ይይዛል። በመጨረሻ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ወደ ባለጠጋው ሄዱ።

«ወንድይራድ፣ ውሾችህን እሰርልን» አሉት።

«ምን አደረጓችሁ?»

«ሰው እየነከሱ ነው።»

«ዳቦ የያዘ ሰው ነክሰው ያውቃሉ?»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። «የሚበቃቸውን ከያዘ እንኳ አይነክሱም» አለ አንዱ።

«ታዲያ የሚበቃቸውን ያዙ!»

ሽማግሌዎቹ መርቀውት ተመለሱ። ምን አድርጎላቸው እንደመረቁት አትጠይቁኝ፤ እነሱም አያውቁትም። ባለጠጋው ለውሾቹ ከጓዳው ቁራሽ አውጥቶ እንደማያውቅ ግን ሁለቱም መንደር ያውቃል። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይባላል፤ የወንድይራድ ውሾች አገር አብልቷቸው ለእሱ ነበር የሚጮኹት።

በላይ ቤት ደብሪቱ የምትባል አዋላጅ ነበረች። አጭር፣ ጉልበቷን የሚያማት፣ አፏ የማያርፍ ሴት ናት፤ የሁለቱ መንደር ልጅ ሁሉ ወደዚህ ዓለም የመጣው በእጇ ነው። ባለፈው ክረምት ከታች ቤት ሲጠሯት፣ እንደ ደንቡ ለውሾቹ የሚጋገረው ሙልሙል እስኪበስል ቆማ ጠበቀች። ስትደርስ ሕፃኑ ታፍኖ ሞቷል። እናትየው አልወቀሰቻትም፤ «መንገዱ ነው» አለቻት። ደብሪቱ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጣች። ያዘገያት መንገዱ ሳይሆን ምድጃው አጠገብ መቆሟ እንደሆነ ታውቃለችና።

ስለዚህ ወደ አያ ታከለ ሄደች። አያ ታከለ ከመንደሩ በታች ማማ ላይ ተቀምጦ ማሽላ ከዝንጀሮ የሚጠብቅ ሽማግሌ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ብቻውን ከመንጋ ጋር ተፋጧል።

«አያ ታከለ፣ እነሱ መቶ ናቸው፣ አንተ አንድ ነህ። እንዴት ሳይበሉህ ቀሩ?» አለችው።

«ወንጭፍ አለኝ።»

«ወንጭፍ ይዘው የሚሮጡም አይቻለሁ።»

ሽማግሌው ሳቀ። «እውነትሽን ነው። አውሬ መጀመሪያ የሚያየው እጅሽን አይደለም፣ እግርሽን ነው። እግርሽ ወደ ኋላ ካለ ጦር ብትይዢም ለእሱ የሚታደን ነገር ነሽ። ጀርባሽን ለድንጋይ ስጪ፣ ፊትሽን ለአውሬው። ጋቢሽን ግራ ክንድሽ ላይ ጠምጥሚው፤ መንከሱ ካልቀረ ጋቢውን ይንከስ። ሲይዘው አትመንጭቂ፤ ሥጋ የሚቀደደው ሲመነጨቅ ነው። ዱላሽንም ዝም ብለሽ አታወናጭፊ፤ ወደ ፊት ቀስረሽ ያዢው፣ ስትመቺ አፍንጫው ላይ ምቺ።»

«ፍርሃቱንስ ምን ላድርገው?»

«እኔ እስከ ዛሬ እፈራለሁ። አትፍሪ አልልሽም፤ ፍርሃትሽን አታብያቸው ነው የምልሽ።»

ደብሪቱ ከዚያ ወዲያ በጓሮዋ ዱላ ይዛ ስትለማመድ ከረመች። ጎረቤቶቿ በአጥር ቀዳዳ እያዩ «ደብሪቱ በስተርጅና ልትሸፍት ነው» እያሉ ይስቁባት ነበር። እሷም ስቃ ትቀጥላለች።

ነሐሴ መጣ። የቀደመው ዓመት ሰብል በበረዶ ተመትቶ ስለነበር በየቤቱ ጎታው ባዶ ነው። አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ዘገየ የሚባል የታች ቤት ገበሬ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ደብሪቱ ደጅ ደረሰ።

«እማማ፣ ይድረሱልኝ! ባለቤቴ አንጓች ከትናንት ጀምራ ታምጣለች። ልጁ አልወጣ አለ፤ አቅሟ እያለቀ ነው።»

«ለመመለሻ ዳቦ ይዘሃል?» አለው አንድ ጎረቤት።

ዘገየ አንገቱን ደፋ። «የነበረችኝ ለመምጫ ብቻ ነበረች።»

ጎረቤት ሁሉ ተራወጠ። አንዷ ከጎታዋ ሥር ዱቄት ጠረገች። ሌላዋ እሳት ልታቀጣጥል ገባች። ሌላው «እኔ ከዘመዶቼ ለምኜ ልምጣ» ብሎ ሮጠ። ሁሉም ቅን ሰው ነው፣ ሁሉም የሚሮጠው ለመርዳት ነው። ዱላ ያነሣ ግን አንድም ሰው አልነበረም።

ደብሪቱ ጋቢዋን ይዛ ወጣች። «ተዉት!» አለች።

«ምኑን?»

«ዱቄቱን ተዉት! ሴቲቱ በምጥ ትጮኻለች፣ እናንተ ለውሻ ጎታ ትጠርጋላችሁ? አንተ ዘገየ፣ ና ከዚህ አጥር ሁለት ጠንካራ ዱላ ምዘዝ።»

«እማማ፣ ይበሉናል እኮ!»

«ይነክሱን ይሆናል። ዳቦ እስኪበስል ከጠበቅን ግን የምትሞተው ሚስትህ ናት። ምረጥ።»

ዘገየ ሁለት ዱላ መዝዞ አንዱን ሰጣት።

የወንድይራድ ደጅ ሲደርሱ ሰባቱም ውሾች መንገዱ ላይ ተጋድመዋል። ሰው ሲያዩ ተነሡ። አልጮኹም፤ ጭራቸውን እየወዘወዙ እንደ ቀረጥ ተቀባይ ቀረቡ። የሚያዩት የሰው ፊት ሳይሆን እጅ ነበር። ደብሪቱ ጀርባዋን ለተራራው ድንጋይ ሰጥታ ዘገየን አጠገቧ አቆመችው፣ ጋቢዋን ክንዷ ላይ ጠመጠመችና «ቤቶች! ውሻ ያዙ!» ብላ ተጣራች።

«ዳቦ ወርውሩ!» አለ ባለጠጋው ከውስጥ።

ውሾቹ ዳቦ እንደሌለ ሲገባቸው ማጉረምረም ጀመሩ። አለቃቸው፣ አንድ ቀላ ያለ ትልቅ መጋላ ውሻ፣ ጥርሱን አሳየ። ዘገየ አላስቻለውም፤ ጀርባውን ሰጥቶ ሁለት እርምጃ ሮጠ። ያኔ ሦስቱ ውሾች ደብሪቱን ትተው እሱን ተከተሉ፤ አንዷም ባቱን ያዘችው።

«ዙር!» ብላ ጮኸች ደብሪቱ። «ፊትህን አዙርላት! ዱላህን ቀስር!»

ዘገየ ዞረ። ምን ያህል እንደፈራ ራሱ ነው የሚያውቀው፤ ግን ዞረ። ዱላው ዓይኗ ፊት ሲመጣባት ውሻይቱ ለቀቀችው። ሌሎቹም ባሉበት ቆሙ። የሚሮጥ ሰው ማባረር ያውቃሉ፤ ዞሮ የሚቆም ሰው ምን እንደሚደረግ ግን ማንም አላስተማራቸውም። ዘገየ ፊቱን ከውሾቹ ሳይመልስ እያነከሰ ወደ ድንጋዩ ተመለሰ።

መጋላው ግን አልቆመም። ዘሎ የደብሪቱን ግራ ክንድ ያዘ። ጥርሱ ጋቢውን አልፎ ገባ። ሰውነቷ ሁሉ «መንጭቂ» አላት። አልመነጨቀችም። ክንዷን ጭራሽ ወደ ጉሮሮው ገፋችበትና በዱላዋ አፍንጫውን አንድ ጊዜ መታችው። ውሻው እያለቀሰ ወደ አጥሩ ሸሸ። ስድስቱም ወደ ኋላ አሉ።

ያኔ ወንድይራድ ከመደቡ ተነሥቶ ወጣ። «ማነው ውሻዬን የመታው?»

«እኔ ነኝ።»

«ቁራሽ ዳቦ ብትወረውሪ ምን ነበረበት?»

«ልጅ ነበረበት» አለችው። «ባለፈው ክረምት ለውሾችህ ዳቦ ስንጠብቅ ልጅ ሞቶብናል። አንተንም የተቀበልኩህ በእነዚህ እጆቼ ነው፤ ያኔም ከጩኸት በቀር ሥራ አታውቅም ነበር። አሁን ውሾችህን ያዝ፣ ምጥ የያዛት ሴት ትጠብቀኛለች።»

ባለጠጋው ግን ውሾቹን አልያዘም። ልብ በሉ፣ ያን ሁሉ ሰምቶም አልያዘም። ደብሪቱም ይይዛል ብላ አልጠበቀችም።

«እንሂድ» አለችው ዘገየን። «ፊትህ ወደ እነሱ ይሁን፣ በቀስታ ተራመድ። እንዳትሮጥ።»

«እማማ፣ ሚስቴ እኮ...»

«ስለ ሚስትህ ነው እንዳትሮጥ የምልህ።»

በዚያ ሁኔታ ጠባቡን መንገድ እርምጃ በእርምጃ አለፉት። ውሾቹ እስከ መታጠፊያው ድረስ እያጉረመረሙ ተከተሏቸውና ቆሙ። ከመታጠፊያው በኋላ ደብሪቱ ጉልበቷን ረስታ ቁልቁለቱን ወረደች።

የአንጓች አቅም ጨርሶ ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ደብሪቱ ቁስሏን በውሃና በሳሙና ደጋግማ አጠበች፣ በንጹሕ ጨርቅ አጥብቃ አሠረችው፣ እጇን እንደገና ታጠበችና ወደ ሥራዋ ገባች። እትብቱ በሕፃኗ አንገት ላይ ሁለት ጊዜ ተጠምጥሞ ነበር። አንድ ዳቦ እስኪበስል ያህል እንኳ ቢዘገዩ ኖሮ እናትም ልጅም አይገኙም ነበር። ሕፃኗ ዝም ብላ ወጣች፣ ዝም ብላ ቆየች፤ ከዚያ ጮኸች። ዘገየ ደጅ ላይ ባቱን ይዞ ተቀምጦ እንደ ልጅ አለቀሰ።

በማግስቱ የታች ቤት ሰዎች ደብሪቱን ሊሸኙ ሲመጡ፣ አታምኑኝም፣ ሙልሙል ይዘው መጡ!

«ይኼ ለማን ነው?» አለቻቸው።

«ለመንገድ። እርስዎ ደፋር ነዎት፣ እኛ ግን...»

«ይህን ክንድ እዩት። ደፋር ሰው ክንዱ እንዲህ አያብጥም። እኔ ፈሪ ነኝ፤ ግን አልሮጥኩም። ዳቦውን እዚሁ ተዉትና ዱላ ይዛችሁ ኑ።»

ያን ቀን አሥራ ሁለት ሰዎች አብረዋት ወጡ። ውሾቹ መጡ፣ እጅ እጃቸውን አዩ፣ ጮኹ። ማንም አልወረወረም፣ ማንም አልሮጠም። በማግስቱም እንዲሁ ሆነ። አንዳንዱ ቀን ከባድ ነበር፤ አንዲት ሴት ቀሚሷ ተቀዷል፣ አንድ ሽማግሌም እጁን ተነክሷል። ግን ማንም ወደ ድሮው አልተመለሰም። ሳምንት ሳይሞላ የራባቸው ውሾች ፊታቸውን ወደ ጌታቸው አዙረው ዶሮዎቹን ይፈጁ ጀመር። ባለጠጋው ወደ መንደሮቹ «ስለ እግዚአብሔር ዳቦ ላኩልኝ» ብሎ ሰው ላከ። «እሰራቸውና አንተ አብላቸው» የሚል መልስ ደረሰው። አሰራቸው፤ እያማረረም ከጓዳው አበላቸው።

ወዳጄ ሆይ፣ ይህን ያወራሁት ስለ ውሻ ብቻ አይደለም። ውሻ ቢመጣብህ ግን አትሩጥ፤ ጀርባህን ጠብቅ፣ ፊትህን ስጠው፣ በእጅህ ያለውን በሰውነትህና በእሱ መካከል አድርግ፣ በቀስታ ራቅ። ክፉ ሰውም፣ ክፉ ልማድም፣ ክፉ ሐሳብም ቢመጡብህ መንገዱ ይኸው ነው። በፍርሃት የምትሰጠው ነገር የሚያስፈራህን ያሳድገዋል እንጂ አያጠግበውም፤ ዛሬ በቁራሽ ያለፍከው ደጅ ነገ ሙሉ ዳቦ ይጠይቅሃል። ሳትነከስ ታልፋለህ ብዬ አልዋሽህም። ተነክሶ ያለፈ ሰው ግን ቁስሉ ይድናል፤ ቆሞ የቀረ ሰው ያጣውን ግን ማን ይመልስለታል?

እስቲ ራስህን ጠይቅ፦ ዛሬ በመንገድህ ላይ ቆሞ የሚያጉረመርምብህ ማን ነው? ከእሱ ማዶስ ድረስልኝ እያለ የሚጣራው ማን ነው?