ስልክ ለመዝጋት ያፈሩት ሰውዬ

ምእመናን፣ ይህ ታሪክ እውነት ነው። ከራሱ እስከ እግሩ እውነት! እዚህ ቦታ ቆሜ ብዋሽ ምላሴ ይታሰር።

አንድ ሰው ነበሩ። ደግ ሰው፣ ይሉኝታ የበዛባቸው። የጎረቤት በሬ እህላቸውን ሲበላ እንኳ፣ በሬው እንዳያፍር ፊታቸውን አዙረው የሚያልፉ! የሚስታቸውን የእትዬ ውዴን ዓይን ሞራ ጋርዶት ነበርና ጊደራቸውን ሸጡ። ገንዘቡ ለቀዶ ሕክምናው ስልካቸው ውስጥ ተቀመጠ።

አንድ ቀን ስልኩ ጮኸ።

«አባባ፣ እንደምን አደሩ? ቤት ደህና? ቤተሰብ ደህና?»

ሰላምታ ነዋ! እንዲህ ላለ ሰው ምን ይመለሳል? «እግዚአብሔር ይመስገን፣ የባለቤቴ ዓይን ነው እንጂ» አሉ።

«ዓይን? ዕድለኛ ነዎት አባባ! እኛ እኮ የዓይን ጠብታ አስመጪዎች ነን። ሞራውን ያለ ቢላ ጠራርጎ የሚያወርድ! በግማሽ ዋጋ፣ ዛሬ ብቻ። ከአዲስ አበባ ነው የምደውልልዎ፣ ከስምንተኛ ፎቅ።»

ይህን ሲል ከኋላው አህያ አናፋ።

ስምንተኛ ፎቅ ላይ አህያ? ደዋዩ ሌባ መሆኑን ያኔውኑ አወቁ። አወቁ እኮ ነው የምላችሁ!

እትዬ ውዴ ከመደቡ ላይ፣ «ማነው እሱ?» አሉ።

ስልኩን በመዳፋቸው ከድነው፣ «ሌባ ነው» አሏቸው በሹክሹክታ።

«ታዲያ ይዝጉበታ!»

«አባባ እያለኝ? የሰው ልጅ እያወራ ጆሮው ላይ ይዘጋል እንዴ? ነውር አይደለም?»

ደዋዩ የሚስጥር ቁጥራቸውን ጠየቀ። ለመናገር አመነቱ። «አላመኑኝም እንዴ አባባ?» አለ፣ ድምፁን ሰበር አድርጎ። አፈሩ። ሌባውን ሌባ ማለት አፈሩ! ቁጥሩን አንድ በአንድ ነገሩት። ነግረውት ሲጨርሱ እሱ ራሱ ዘጋባቸው፤ ደህና ይዋሉ እንኳ ሳይል።

ገንዘቡም ሄደ፣ ቀጠሮውም ሄደ። በኋላ ጎረቤት አዋጥቶ እትዬ ውዴ ታከሙ፤ ዛሬ መርፌ ውስጥ ክር ያስገባሉ።

ሳቃችሁ። ሳቁ፣ ግድ የለም። እናንተስ? «ሽልማት ደርሶዎታል» ተብሎ ሲደወልላችሁ ማን ዘጋ? «እንዴት ደፍሬ» ያለ ከመካከላችሁ የለም? የሚስጥር ቁጥር የሚጠይቅ እሱ ሻጭ አይደለም። በጨዋ አፍ ቢጠራችሁ ዝጉ! በታቦት ቢምልላችሁ ዝጉ! ቢያለቅስም ዝጉ! ነውሩ የእሱ ነው፣ እናንተ ምን ታፍራላችሁ?

ብናገርስ ምን ዋጋ አለው? በየሄድኩበት እናገራለሁ። አሜን ትላላችሁ። ከደጃፉ ሳትርቁ ይደወላል፤ ታነሳላችሁ፤ «ቤት ደህና?» ትባላላችሁ።

አንዲት ነገር ግን ከራሴ ጨምሬያለሁ። መዋጮውን። ሰውየው መዘረፋቸውን ለጎረቤት መናገርም አፈሩ። ያልሰማ ጎረቤት ምን ያዋጣል? እኔም የሰማሁት የእትዬ ውዴ ዓይን ፈጽሞ ከጠፋ በኋላ ነው።