ዳልቼ የጠፋ ሰሞን

አንድ ጊዜ፣ ክረምት ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ሰንበሌጥ በሸፈነው ሸለቆ ውስጥ የአንዲት አህያ ልጅ ጠፋ። ስሙ ዳልቼ ይባላል። ከተወለደ አራት ወር ያልሞላው፣ ጆሮው ከራሱ የሚበልጥ፣ ያየውን ሁሉ ካልነካሁ የሚል ውርንጭላ ነበር። እናቱ ጠዋት ወንዝ ዳር ውሃ ልትጠጣ አንገቷን ስትደፋ ከጎኗ ቆሞ ነበር። ቀና ስትል የለም።

መጀመሪያ አልደነገጠችም። «ዳልቼ» ብላ ጠራችው። ከቁጥቋጦው ኋላ ሄዳ አየች፤ እዚያም የለም። ድምጿን ከፍ አድርጋ ደግማ ጠራችው። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ሸለቆውን ከዳር እስከ ዳር እየሮጠች ትጮህ ነበር። ሌሊቱንም እንዲሁ ስትጣራ አደረች። በነጋታው ድምጿ ተዘጋ፤ አፏን ስትከፍት የሚወጣው ትንፋሽ ብቻ ሆነ።

ወሬው ሲሰማ ሸለቆው በሙሉ ፈራ። ልጅ ያለው ሁሉ ልጁን ወደ ጉያው አስጠጋ። ጥንቸሎች ከጉድጓዳቸው አንወጣም አሉ። የሸለቆው ገዥ አንበሳ አራዊቱን ሰብስቦ እንዲህ አለ።

«የእመት አህዪት ልጅ ጠፍቷል። ያየ ወይም የሰማ ለጥበቃው አለቃ ለከርከሮ ይጠቁም። ብቻውን ይምጣ፤ በዓይኑ ያየውን፣ በጆሮው የሰማውን ብቻ ይናገር። ልጁ እንዲገኝ የረዳ አንድ ወር ሙሉ ከማዕዴ ይቋደሳል።»

ከርከሮ ብዙ የማይናገር፣ የጀመረውን የማይተው እንስሳ ነበር። ለሚመጣው ሁሉ ሦስት ጥያቄ ነበረው፤ «የት? መቼ? ያየኸው አንተው ራስህ ነህ?» ይላል። ጠዋት ሰባት ጥቆማ መጣለት። እስከ ቀትር ግን አርባ ደረሰ። አንዷ ጦጣ ዳልቼን ያየችው በህልሟ ነበር። አንድ ቁራ «ከተራራው ማዶ ተኝቶ አይቼዋለሁ» አለ። ከርከሮ ተራራውን ወጥቶ፣ እያለከለከ ማዶ ሲደርስ ያገኘው ግራጫ ድንጋይ ነው። ቢሆንም ከጥቆማዎቹ አንዱ እውነት ሊሆን ይችላልና አንዱንም ሳያይ አላለፈም። በዚህ መሀል ልጁ የጠፋበትን ቦታ ለማየት የመጣው ሁሉ የወንዙን ዳር ሲረግጠው ዋለ፤ የትንሿ ሰኮና ዱካም ከሌላው ዱካ ስር ጠፋ።

ወሬው የሚፈላው ግን ወንዙ አጠገብ ባለችው ትልቅ ሾላ ስር ነበር። ውሃ ሊጠጣ የወረደ ሁሉ እዚያ ይቆማል። መሀል ላይ ደግሞ እመት ቀበሮ ጅራቷን እግሯ ላይ ጠቅልላ ተቀምጣለች።

«እኔ የማንም ነገር ውስጥ መግባት አልወድም» አለች ቀበሮ። «ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። እናቲቱን ዛሬ አይታችኋታል?»

«አይቻታለሁ» አለች ጦጣ። «ወንዝ ዳር ዝም ብላ ቆማለች።»

«ዝም ብላ?»

«ዝም ብላ።»

«ልጅ የጠፋባት እናት ዝም ትላለች እንዴ?»

ሁሉም እርስ በርሳቸው ተያዩ።

«እኔ ምንም አላልኩም» አለች ቀበሮ። «ጠየቅሁ እንጂ።»

ከዚያ በኋላ ቀበሮ ብዙ መናገር አላስፈለጋትም። አንዱ የእናቲቱ ወተት ደርቆ ነበር አለ። ሌላው ወተቷ ስለደረቀ ልጇን ጥላው እንደሄደች ተናገረ። ጀንበር ስታዘቀዝቅ «ጥላው ሄደች» የሚለው «ገደል ከተተችው» ሆኖ ነበር። ይህን ካወሩት ውስጥ አንድም ያየ የለም። ቀበሮ ግን በዕድሜዋ ይህን ያህል ጆሮ አግኝታ አታውቅምና ደስ ብሏታል። ጦጣዎቹ የበሰለ ሾላ እየመረጡ ያቀብሏታል፤ የሚመጣው ሁሉ «እመት ቀበሮ፣ አዲስ ነገር አለ?» ይላታል።

ድንገት እናት አህያ ወደ ሾላዋ መጣች። የመጣችው አብረዋት እንዲፈልጉ ልትለምን ነበር። ስትደርስ ወሬው ቀጥ አለ። አፏን ከፈተች፤ ድምፅ አልወጣትም። አጠገቧ የነበረች አጋዘን ግልገሏን በጉልበቷ ገፋ አድርጋ ከኋላዋ ደበቀችው። እናት አህያ ግልገሉን አየች፤ ከዚያ እናቱን አየች። ምን እንደሚወራ ያን ጊዜ ገባት። ዞራ ሄደች።

ቀበሮም ቀስ ብላ «አያችሁ? እኛን ስታይ ደነገጠች» አለች።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት አያ ጅቦ ወደ ከርከሮ መጣ። ስለ ማዕዱ ከሰማ ወዲህ እንቅልፍ አልወሰደውም።

«አይቼዋለሁ» አለ ጅብ።

«የት?»

«እ... ወዲያ ማዶ።»

«የየትኛው ወዲያ ማዶ?»

«አንተ የትኛውን ነው የምትፈልገው?»

ከርከሮ ተነፈሰ። «መቼ አየኸው?»

«ትናንት። አይ፣ ከትናንት ወዲያ። ማዕዱ የሚጀምረው ከመቼ ነው?»

«ምን ይመስል ነበር?»

ይህን ሲጠየቅ የጅብ ዓይን በራ። «ለስላሳ» አለ። «ጭኑ ሙሉ፣ ሥጋው ገና ያልጠና፣ አጥንቱ ሲነክሱት ቅጭ የሚል...» ከከንፈሩ ለሃጭ ወረደ።

«አላየኸውም» አለ ከርከሮ። «የነገርከኝ ያየኸውን ሳይሆን የተመኘኸውን ነው። በል ሂድ፣ ጊዜዬን አትብላ።»

ጅብም አንገቱን ደፍቶ ሄደ። ከቁጥቋጦው ኋላ ግን ቀበሮ ጆሮዋን አቁማ ታዳምጥ ነበር። ከርከሮ ያለውን አልወሰደችም፤ ጅብ ያለውን ብቻ ይዛ ወደ ሾላዋ ሮጠች።

«አጥንቱ ሲነክሱት እንዴት እንደሚል ያውቃል» አለች። «እንዴት አወቀ?»

ከዚህ በኋላ የሚያቆማቸው አልተገኘም። ቀንድ ያለው ቀንዱን፣ ጥርስ ያለው ጥርሱን ይዞ ተነሳ። ወደ ጅብ ዋሻ ለመድረስ ከወንዙ በላይ ያለውን ድንጋያማ ጭንጫ የሚያቋርጠውን አቋራጭ ያዙ። «ዳልቼ! ዳልቼ!» እያሉ፣ ድንጋዩን በሰኮና እየደበደቡ፣ አቧራ እያስነሱ አለፉ። እናት አህያም ከኋላ ተከተለች። እንዳይሆን እየጸለየች፣ እንዳይሆን የምትለውን ለማየት ሮጠች።

ጅብን ከዋሻው ጎትተው አወጡት። «አልበላሁትም፤ እንዲያውም አላየሁትም!» አለ።

«አይቻለሁ ብለህ አልነበር?» አሉት።

«ማዕዱን ፈልጌ ነው። ዋሽቼ ነው እኮ።»

«ያኔ የዋሸ አሁንም ይዋሻል» አሉና ከርከሮ ደርሶ እስኪያስጥለው ድረስ ወገሩት። ቀኝ ጆሮው እስከ ሥሩ ተቀደደ። ከዋሻው ውስጥ አንዱ አጥንት ይዞ ወጣና መሬት ላይ ጣለው። እናት አህያ አጥንቱን ስታይ እዚያው በጉልበቷ ወደቀች።

ከርከሮ አጥንቱን አገላብጦ አሸተተ። «ይህ ዓመት ያለፈው የበሬ አጥንት ነው» አለ። «ተነሺ እመት አህዪት። ልጅሽ አይደለም።»

ከኋላ በኩል ግን የቀበሮ ድምፅ «ከርከሮስ ለጅብ እንዲህ የሚሟገትለት ለምን ይሆን?» አለ። ሲመለሱ የሚያወሩት ይህንኑ ነበር።

ይህ ሁሉ ሲሆን አንዲት ሚዳቋ ከቁጥቋጦ ውስጥ ሆና ታይ ነበር። ዳልቼ የጠፋ ዕለት ጠዋት ያየችው እሷ ብቻ ነበረች። ያየችው ግን አንበሳ ማንም እንዳይገባበት ከከለለው ሜዳ ላይ ተደብቃ ሣር ስትበላ ነው። መጀመሪያ ቀን «ብናገር እዚያ ምን ትሠሪ ነበር እባላለሁ» ብላ ፈራች። በሁለተኛው ቀን በሾላዋ ስር ያለውን ወሬ ሰምታ የባሰ ፈራች። አሁን ደግሞ «አየሁ» ያለው ጅብ ምን እንደደረሰበት አየች። «አፌን ዘግቼ ልቀመጥ» አለች ለራሷ። «ሌላ ያየ ይኖራል። ሌላው ይናገር።»

ልትሄድ ስትነሳ እናት አህያ ብቻዋን ወደ ወንዙ ስትወርድ አየቻትና ከቁጥቋጦ ቁጥቋጦ እየተደበቀች ተከተለቻት። እናት አህያ ልጇ ቆሞበት የነበረው ቦታ ላይ ቆመች። ውሃ ልትጠጣ አንገቷን ደፋች፤ ወዲያው ቀና ብላ ጎኗን አየች። ደግማ ደፋች፤ ደግማ ቀና አለች። ሳትጠጣ ቀረች።

ሚዳቋ ይህን ማየት አልቻለችም። ከቁጥቋጦው ወጣች።

«እመት አህዪት፣ አይቆጡኝ» አለች። «ልጅዎን አይቼው ነበር። የጠፋ ዕለት፣ ጠዋት። ቢራቢሮ እየተከተለ ወደ ጭንጫው ወጣ። ከትልቁ ነጭ ድንጋይ ኋላ ሲገባ አየሁት፤ ሲወጣ አላየሁትም። እኔ... የተከለከለው ሜዳ ላይ ነበርኩ። ፈርቼ ነው ያልተናገርኩት።»

እናት አህያ አየቻት። ሦስት ቀን ሙሉ ይህን ታውቅ የነበረች እንስሳ ናት። ልትረግጣት ትችል ነበር። አልረገጠቻትም። አፏን ወደ ጆሮዋ አስጠግታ በዚያች በተረፈቻት ትንፋሽ «ወደ ከርከሮ ውሰጂኝ» አለቻት። «በሾላዋ በኩል አይሁን።»

ከርከሮ ሦስቱን ጥያቄ ጠየቀ። «የት?»

«ጭንጫው ላይ፣ ከነጩ ድንጋይ ኋላ።»

«መቼ?»

«የጠፋ ዕለት፣ ጤዛው ሳይረግፍ።»

«አንቺው ራስሽ ነሽ ያየሽው?»

«እኔው ነኝ።»

«ለሌላ ነግረሻል?»

«ከእሳቸው በቀር ለማንም።»

«በሉ እንሂድ» አለ ከርከሮ።

ሦስቱ ብቻ ሄዱ። ከላይ በደጋው በኩል ሰማዩ ጠቁሯል፤ ነጎድጓዱ ከሩቅ ይሰማል። ደጋው ላይ ከዘነበ በዚህ ሸለቆ ደራሽ ውሃ የሚወርደው በጭንጫው ስንጥቆች ውስጥ እንደሆነ ሦስቱም ያውቃሉ። ማንም አላነሳውም፤ እርምጃቸው ግን ፈጠነ።

ከነጩ ድንጋይ ኋላ ሣሩ ተኝቶ ነበር። ከሣሩ ስር ውሃ የቦረቦረው ጠባብ ጉድጓድ ተከፍቷል፤ ታቹ አይታይም። እናት አህያ ልትጣራ አፏን ከፈተች፤ ድምፅ የለም። እንደገና ሞከረች። አሁንም ትንፋሽ ብቻ ወጣ። ያን ጊዜ ሚዳቋ፣ በዕድሜዋ ድምጿን ከፍ አድርጋ የማታውቀው ሚዳቋ፣ አንገቷን ወደ ጉድጓዱ ሰድዳ ተጣራች።

«ዳልቼ!»

ጆሮ ሰጥተው ጠበቁ። ከታች የሚንጠባጠብ ውሃ ይሰማል። ሌላ ምንም የለም።

«ዳልቼ! እናትህ እዚህ ናት!»

ከጨለማው ውስጥ፣ እንደ ሕልም ቀጥኖ፣ «እማዬ» የሚል ድምፅ መጣ።

ከርከሮ ጊዜ አላጠፋም። ጉድጓዱ በጎን በኩል አፈር ነበረና በክራንቻው መናድ ጀመረ። ሚዳቋ በሰኮናዋ ትዝቃለች፤ እናት አህያ ድንጋዩን በግንባሯ ትገፋለች። ዝናቡ ደረሰባቸው። ከስንጥቁ ውስጥ ቀይ ውሃ ሲወርድ የዳልቼ ልቅሶ ከፍ አለ። ከርከሮ ክራንቻው ተሰበረ፤ አላቆመም። በመጨረሻ አፈሩ ተንሸራተተና በጭቃ የተለወሰ አንድ ትልቅ ጆሮ ታየ። እናቱ ማጅራቱን በጥርሷ ይዛ ጎተተችው። ከኋላቸው ውሃው ጉድጓዱን ሞላው።

ዝናቡ ሲያባራ ቀስ እያሉ ወረዱ። የዳልቼ አንድ እግር ተሰብሯል፤ የጎድን አጥንቱ ይቆጠራል። ሾላዋ ስር ሲደርሱ ሁሉም ተንጋግተው መጡ፤ አንዳንዶቹም አለቀሱ። ቀበሮ ከፊት ቀድማ «እኔ መቼም እናትን የሚያህል የለም ብዬ ነበር» አለች። እናት አህያ ባጠገቧ አለፈች፤ አላየቻትም። ጅብ የተቀደደ ጆሮውን አንጠልጥሎ ከሩቅ ቆሟል፤ ይቅርታ ያለው አልተገኘም።

አንበሳም እዚያው መጥቶ ሚዳቋን አስጠራና የጥበቃውን አለቃ ቃል ሰማ። «ሜዳው ላይ ምን ትሠሪ ነበር ብዬ አልጠይቅሽም» አላት። «ግን ለምን ሦስት ቀን ዘገየሽ?»

ሚዳቋ መሬት መሬት እያየች «ጌታዬ፣ ፈርቼ ነው» አለች።

«ማንን?»

ሚዳቋ ሾላዋ ስር ወደተሰበሰቡት ዞራ አየች።

ያን ጊዜ አጋዘኗ ወደ ውርንጭላው ጠጋ ብላ «ዳልቼ፣ የት ነበርክ? ሁላችንም ስንፈልግህ ከረምን» አለችው።

«ሰምቻችኋለሁ» አለ ዳልቼ። ድምፁ ገና ቀጭን ነበር። «ዛሬ ጠዋት በላዬ አለፋችሁ። እኔም አለሁ፣ አለሁ እያልኩ ጮህኩ። እናንተ ግን ስሜን እየጠራችሁ ስለነበር አልሰማችሁኝም።»



ከዚህ የምንማረው፣ ልጅ ጠፍቶ ሁሉም ያላየውን ሲያወራ ያየው ፈርቶ ዝም እንደሚልና የሚፈለገውም ልጅ ድምፅ በፈላጊዎቹ ጩኸት እንደሚዋጥ ነው።